ዶክተር ኤልሳቤጥ ጋሬት አንደርሰን፦ በሕጉ ቃል የገቡት ሐኪም (1836–1917)

አንድ የጤና ባለሙያ ዛሬ የሙያ ፈቃድ ለማግኘት ወይም የሙያ ማኅበር አባል ለመሆን ሲነሣ የሚጠየቃቸው ነገሮች የታወቁ ናቸው፤ ዕውቅና ካለው ተቋም የተገኘ የትምህርት ማስረጃ፣ የተግባር ልምምድ፣ ፈተና፣ ምዝገባ። መንገዱ ቢረዝምም የሚያደርስ መንገድ ነው። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ በብሪታንያ ሐኪም ለመሆን ለፈለገች ሴት ግን መመዘኛዎቹ በወረቀት ላይ የተጻፉ ቢሆኑም፣ ወደ እነርሱ የሚያደርሰው መንገድ በየደጃፉ ተዘግቶ ነበር። ዶክተር ኤልሳቤጥ ጋሬት አንደርሰን በዚያ ዘመን መንገዱን አንድ በአንድ ፈትሸው፣ ሳይዘጋ የቀረውን አንዱን ቀዳዳ አግኝተው የገቡ ሴት ናቸው። ከኋላቸው ቀዳዳው ወዲያው መደፈኑ ደግሞ የታሪካቸው ሌላው ገጽታ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኤልሳቤጥ ጋሬት ጁን 9 ቀን 1836 በለንደን ከተማ ምሥራቃዊ ክፍል፣ ዋይትቻፕል በተባለው ሰፈር ተወለዱ። አባታቸው ኒውሰን ጋሬት በዚያ ሰፈር ዕቃ በመያዣ ተቀብሎ ገንዘብ የሚያበድር ሱቅ ነበራቸው። ልጃቸው ገና ሕፃን ሳሉ ቤተሰቡ በሰፎክ አውራጃ ወደምትገኘው የባሕር ዳርቻ ከተማ ኦልድብራ ተዛወረ፤ አባትየውም በእህልና በድንጋይ ከሰል ንግድ፣ ኋላም ለቢራ ጠማቂዎች ብቅል በማዘጋጀት ከፍ ያለ ሀብት አፈሩ። ይህ ሀብት ያለ ምክንያት የሚጠቀስ አይደለም። በኋላ እንደሚታየው ልጃቸው ለእያንዳንዱ ትምህርት ለየብቻው መክፈል፣ በመጨረሻም በጠበቃ ማስፈራራት ያስፈለጋቸው ሲሆን፣ ከድሃ ቤተሰብ የተወለደች ሴት ያንኑ ፍላጎትና ያንኑ ችሎታ ይዛ ብትነሣ እዚያ መድረስ አትችልም ነበር።

ቤተሰቡ ብዙ ልጆች የነበሩት ሲሆን፣ ከእነርሱ አንዷ ሚሊሰንት ኋላ በሴቶች የመምረጥ መብት ትግል ስመ ጥር ለመሆን በቅታለች። ኤልሳቤጥ በአሥራ ሦስት ዓመታቸው በለንደን አቅራቢያ ወደሚገኝ የልጃገረዶች አዳሪ ትምህርት ቤት ተላኩ። በዚያ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ተማሩ፤ ሳይንስና ሒሳብ ግን ለሴት ልጅ የሚያስፈልጉ ስላልተባሉ አልተሰጡም። ይህን ጉድለት ዕድሜያቸውን ሙሉ ይቈጩበት ነበር። ትምህርታቸውን ጨርሰው ወደ ቤት ከተመለሱ በኋላ ታናናሾቻቸውን እያስተማሩና የቤት ሥራ እያገዙ ዓመታት አለፉ። በእነዚህ ዓመታት ከኤሚሊ ዴቪስ ጋር ወዳጅነት መሠረቱ፤ እኒህ ሴት ኋላ በካምብሪጅ የመጀመሪያውን የሴቶች ኮሌጅ ከመሠረቱት አንዷ ሲሆኑ፣ የኤልሳቤጥን ሐሳብ ወደ ቁም ነገር ከመሩት ሰዎች ቀዳሚዋ ናቸው።

ዐይነተኛው ለውጥ የመጣው በ1859 ነው። በአሜሪካ የሕክምና ዲግሪ በማግኘት የመጀመሪያዋ ሴት የሆኑት ዶክተር ኤልሳቤጥ ብላክዌል ወደ ለንደን መጥተው ስለ ሕክምና ሙያ ለሴቶች ንግግር ያደርጉ ነበር። የሃያ ሁለት ዓመቷ ኤልሳቤጥ ጋሬት ንግግሩን ሰሙ፤ ከተናጋሪዋም ጋር ተዋወቁ። ሐኪም ለመሆን የወሰኑት ከዚያ በኋላ ነው።

የሚገጥማቸውን ለመረዳት የጊዜውን ሕግ ማየት ያስፈልጋል። በ1858 የወጣው የሕክምና ሕግ ጠቅላላ የሕክምና ምክር ቤት የተባለውን አካል አቋቁሞ፣ የአገሪቱ ሐኪሞች ሁሉ የሚሰፍሩበት አንድ መዝገብ እንዲከፈት አዘዘ። ዓላማው መልካም ነበር፤ ሕዝቡ የተማረውን ሐኪም ከአስመሳዩ ለይቶ እንዲያውቅ የሚያስችል ሥርዓት ነው። በመዝገቡ ለመስፈር አመልካቹ በሕጉ ከተዘረዘሩት የብሪታንያ ዩኒቨርሲቲዎች፣ ኮሌጆች ወይም የሙያ ማኅበራት የአንዱን ዲግሪ ወይም ፈቃድ መያዝ ነበረበት። ሕጉ ሴት አትመዘገብም የሚል ቃል አልነበረውም። ነገር ግን ከተዘረዘሩት አካላት ሴትን ለማስተማርና ለመፈተን ፈቃደኛ የሆነ አንድም አልነበረም። በውጭ አገር ዲግሪ መመዝገብ የሚቻለውም ሕጉ ከመውጣቱ አስቀድሞ በብሪታንያ ሲሠሩ ለነበሩ ብቻ ነበር። ዶክተር ብላክዌል በዚህ አንቀጽ ተጠቅመው በመዝገቡ የሰፈሩ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። አንቀጹ ከእርሳቸው በኋላ ለሚመጡት ግን አይሠራም፤ ስለዚህ ኤልሳቤጥ ጋሬት አርአያቸው በሄዱበት መንገድ መሄድ አይችሉም ነበር።

አባትየው ሐሳቡን በመጀመሪያ ሲሰሙ ተጸየፉት፤ እናትየውም ቤተሰቡን የሚያዋርድ መስሎ ስለታያቸው አለቀሱ። ይሁንና ኒውሰን ጋሬት እልኸኛ ሰው ነበሩ። ልጃቸው በየቢሮው በር ሲመለሱባቸው ባዩ ቁጥር ተቃውሟቸው ወደ ደጋፊነት ተለወጠ፤ ከዚያ በኋላ ገንዘባቸውንም ጕልበታቸውንም አልነፈጓቸውም።

በኦገስት 1860 ኤልሳቤጥ በለንደን ሚድልሴክስ ሆስፒታል ገቡ። የገቡት ተማሪ ሆነው አይደለም፤ በቀዶ ሕክምና ክፍል በነርስነት ለመሥራት ነው። ሐኪሞቹ በሽተኞችን ሲጐበኙ እየተከተሉ፣ የሆስፒታሉን መድኃኒት ቀማሚ በግል እንዲያስተምራቸው እየከፈሉ፣ ቀስ በቀስ የኬሚስትሪ ትምህርት ወደሚሰጥበት አዳራሽና አስከሬን ወደሚመረመርበት ክፍል ለመግባት ፈቃድ አገኙ። መጀመሪያ ላይ የተቃወማቸው አልነበረም። ነገሩ የተበላሸው በ1861 ሲሆን፣ በተማሪዎች ፊት ለቀረበ ጥያቄ ሌሎቹ ያልመለሱትን እርሳቸው መልሰው ከተገኙ በኋላ መሆኑ ይነገራል። ተማሪዎቹ ሴት ከእነርሱ ጋር እንዳትማር የሚጠይቅ አቤቱታ ፈርመው አቀረቡ፤ ሆስፒታሉም ተቀበለው። ኤልሳቤጥ በኬሚስትሪና በመድኃኒት ጥናት የክብር ምስክር ወረቀት ይዘው ወጡ።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ዓመታት የማመልከቻና የእምቢታ ዓመታት ናቸው። የኦክስፎርድ፣ የካምብሪጅ፣ የግላስጎውና የኤድንብራ ዩኒቨርሲቲዎች፣ እንዲሁም የቀዶ ሐኪሞች ንጉሣዊ ኮሌጅ አልተቀበሏቸውም። የለንደን ዩኒቨርሲቲ በ1862 በጕዳዩ ድምፅ ሲሰጥ የደጋፊውና የተቃዋሚው ቁጥር እኩል ሆነ፤ የመለያውን ድምፅ የሰጡት ቻንስለሩ በመቃወም ወሰኑ። በስኮትላንድ የሴንት አንድሩስ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የምዝገባ ሹሙ ገንዘባቸውን ተቀብሎ መዝገባቸው፣ የዩኒቨርሲቲው ምክር ቤት በኋላ ተሰብስቦ ምዝገባውን ሻረው። ስለዚህ ኤልሳቤጥ በዚያው በሴንት አንድሩስ፣ በኤድንብራና በለንደን በየግላቸው ሊያስተምሯቸው ከፈቀዱ ሐኪሞች ዘንድ እየተዘዋወሩ ተማሩ። ወንድ ተማሪ በአንድ ክፍያ ከመቶ ሰው ጋር ተቀምጦ የሚሰማውን ትምህርት እርሳቸው ብቻቸውን ከፍለው ይሰሙት ነበር።

የቀረችው አንዲት መንገድ በለንደን የመድኃኒት ቀማሚዎች ማኅበር በኩል የምታልፈው ነበረች። ይህ ማኅበር በ1617 የተመሠረተ ጥንታዊ የሙያ ማኅበር ሲሆን፣ በ1815 የወጣ ሕግ መድኃኒት ቀማሚዎችን የመፈተንና ፈቃድ የመስጠት ሥልጣን ሰጥቶታል። በዚያ ዘመን የማኅበሩ ፈቃድ የያዘ ሰው መድኃኒት ከመቀመም አልፎ በሽተኛን መርምሮ ያክም ስለነበር፣ ፈቃዱ በ1858ቱ ሕግ መሠረት በሐኪሞች መዝገብ ለመስፈር ይበቃ ነበር። በክብር ከሐኪሞችና ከቀዶ ሐኪሞች ኮሌጆች ዝቅ ያለ መንገድ ነው፤ ብዙ የገጠር ሐኪሞች የገቡበት ግን ይኸው ነው። መመዘኛዎቹም ግልጽ ነበሩ፦ ፈቃድ ባለው መድኃኒት ቀማሚ ሥር የአምስት ዓመት የሙያ ተለማማጅነት፣ ከታወቁ መምህራን የተወሰደ ትምህርት ማስረጃ፣ በመጨረሻም ፈተና።

ቁልፉ በሕጉ ቃል ላይ ነበር። ሕጉ ስለ አመልካቾች ሲናገር የተጠቀመው ሰው የሚለውን ቃል እንጂ ወንድ የሚለውን አልነበረም። ኤልሳቤጥ በ1861 ለማኅበሩ ጥያቄ ባቀረቡ ጊዜ ማኅበሩ የሕግ ባለሙያ አማከረ፤ አመልካቿ መመዘኛዎቹን ካሟሉ ሊከለከሉ እንደማይችሉም ተነገረው። ማኅበሩ ምናልባት አያሟሉም ብሎ ሳይተማመን አልቀረም። ኤልሳቤጥ ግን የተለማማጅነቱን ዘመን ቈጥረው፣ የትምህርቱን ማስረጃ አንድ በአንድ ሰብስበው በ1865 ለመጨረሻው ፈተና ቀረቡ። በዚህ ጊዜ ፈታኞቹ ወደ ኋላ ለማፈግፈግ ሲሞክሩ አባትየው ማኅበሩን በፍርድ ቤት እንደሚከሱ አስታወቁ። ፈተናው ተሰጠ። ሴፕቴምበር 28 ቀን 1865 ኤልሳቤጥ ጋሬት በሃያ ዘጠኝ ዓመታቸው የማኅበሩን ፈቃድ ተቀበሉ፤ በዕለቱ ከተፈተኑት ሰባት ሰዎች መካከል ያለፉት ሦስት ብቻ ሲሆኑ፣ ከፍተኛውን ነጥብ ያገኙት እርሳቸው ነበሩ። በዓመቱም ስማቸው በሐኪሞች መዝገብ ሰፈረ።

ማኅበሩ ቀጥሎ ያደረገው ለማንኛውም የሙያ አካል መሪ ሊጠና የሚገባው ነው። ሴት አትገባም የሚል ደንብ አላወጣም፤ ሕጉ እንደማይፈቅድለት ያውቃል። ይልቁንም በግል የተወሰደ ትምህርት ከእንግዲህ ተቀባይነት እንዳይኖረው፣ አመልካቾች ሁሉ በታወቀ የሕክምና ትምህርት ቤት የተማሩ እንዲሆኑ ደነገገ። ለትምህርት ጥራት የወጣ የሚመስል፣ ለብቻው ቢታይም ምክንያታዊ የሆነ መመዘኛ ነው። የሕክምና ትምህርት ቤቶቹ ሴት ተማሪ ስለማይቀበሉ ግን ውጤቱ አንድ ነው። ከዚያ በኋላ በነበሩት አሥራ አንድ ዓመታት በመዝገቡ አንዲትም አዲስ ሴት አልተጨመረችም።

ዶክተሯ በ1866 በለንደን ሜሪልቦን ወረዳ ለሴቶችና ለሕፃናት የሚያገለግል ክሊኒክ ከፈቱ። ዓመቱ ኮሌራ ለንደንን የመታበት ዓመት ስለነበር ሕዝቡ ሐኪሟ ሴት ናቸው ወይ ብሎ ለመጠየቅ ጊዜ አልነበረውም። በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ወደ ሦስት ሺህ አዳዲስ ሕሙማን ታዩ፤ የጕብኝቱ ቁጥርም ከዘጠኝ ሺህ በለጠ። በሽታቸውን ለወንድ ሐኪም መናገር አፍረው ለዓመታት ሲሠቃዩ የኖሩ ድሆች ሴቶች ብዛት ምን ያህል እንደ ነበር ከዚህ መገመት ይቻላል። በ1872 ከክሊኒኩ በላይ አሥር አልጋዎች ተዘርግተው አዲሱ የሴቶች ሆስፒታል ተባለ፤ ሴቶች ሕሙማንን የሚያክሙት ሴቶች ሐኪሞች ነበሩ።

የመድኃኒት ቀማሚዎች ፈቃድ ያክማል እንጂ ዶክተር አያሰኝም። የፓሪስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፋኩልቲ ፈተናውን ለሴቶች መክፈቱን በሰሙ ጊዜ ኤልሳቤጥ የሥራቸውን ጫና ሳይቀንሱ የፈረንሳይኛ ቋንቋቸውን አጠናክረው ለፈተና ተዘጋጁ። በጁን 1870 ስለ ማይግሬን በጻፉት ጥናት የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ተቀበሉ። የብሪታንያ መዝገብ ግን ይህን ዲግሪ አልተቀበለም፤ በአገራቸው ሕግ ፊት እስከ መጨረሻው የሚታወቁት በመድኃኒት ቀማሚዎች ማኅበር ፈቃድ ነው። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ለለንደን የትምህርት ቦርድ በተደረገው ምርጫ ከአርባ ሰባት ሺህ በላይ ድምፅ አግኝተው በሜሪልቦን ከተወዳዳሪዎች ሁሉ ቀዳሚ ሆኑ። በ1871 የመርከብ ኩባንያ ባለድርሻ የነበሩትን ጄምስ ስኬልተን አንደርሰንን አገቡ። ባለትዳር ሴት ሥራ ትታ ቤት ትቀመጣለች ተብሎ በሚጠበቅበት ዘመን ዶክተሯ ሥራቸውን ቀጠሉ። ከወለዷቸው ሦስት ልጆች አንዷ ማርጋሬት በ1875 ገና ሕፃን ሳለች በማጅራት ገትር ሞተችባቸው።

የሕይወታቸው ታሪክ ሁሉ የሚያስመሰግን ብቻ አይደለም። በ1860ዎቹ የወጡት ተላላፊ በሽታዎችን የሚመለከቱ ሕጎች ፖሊስ በጦር ሠፈርና በወደብ ከተሞች በሴተኛ አዳሪነት የጠረጠራትን ሴት አስገድዶ እንዲያስመረምር ሥልጣን ሰጥተው ነበር። ጆሴፊን በትለርን የመሰሉ የሴቶች መብት ተሟጋቾች ሕጎቹን አጥብቀው ሲቃወሙ ኤልሳቤጥ በጋዜጣ ደገፏቸው፤ ክርክራቸው ሕጎቹ ካልኖሩ የአባላዘር በሽታ ወደ ንጹሓን ሚስቶችና ሕፃናት መዛመቱን አያቆምም የሚል ነበር። የሕዝብ ጤናን በማሰብ የቀረበ ክርክር ቢሆንም፣ ግዴታው በሴቶቹ ላይ ብቻ ወድቆ ወንዶቹን የማይነካ መሆኑ ሕጎቹን ኢፍትሐዊ ያደረጋቸው ሲሆን፣ በ1886 ተሽረዋል።

የብሪታንያ ሕክምና ማኅበር አባልነታቸው የጀመረው በ1873 ነው። ማኅበሩ የአገሪቱ ሐኪሞች የሚሰበሰቡበት፣ በመጽሔቱ ዕውቀት የሚለዋወጡበትና ድምፃቸውን ለመንግሥት የሚያሰሙበት ትልቁ የሙያ ማኅበር ነበር። አባል ለመሆን በመዝገቡ የሰፈረ ሐኪም መሆንና በአካባቢ ቅርንጫፍ በኩል መመረጥ ያስፈልጋል። ዶክተር ጋሬት አንደርሰን በለንደን ባለ ቅርንጫፍ በኩል ቀርበው ተመረጡ፤ የማኅበሩ አመራርም ብዙም አላስተዋለውም። ነገሩ ገሃድ የወጣው ከሁለት ዓመት በኋላ በኤድንብራ በተካሄደው ዓመታዊ ጉባኤ ላይ በአካል ተገኝተው ጥናት ባቀረቡ ጊዜ ነው። የዚያ ዓመት ፕሬዚዳንት ሴቶች ሐኪም መሆናቸውን አጥብቀው ከሚቃወሙት ዋነኛው ነበሩ። ክርክሩ ለዓመታት ቀጥሎ በ1878 ሴት ለአባልነት እንዳትመረጥ የሚከለክል ደንብ ጸደቀ። ከእርሳቸው በኋላ ተመርጠው የነበሩት ዶክተር ፍራንሲስ ሆጋን አባልነታቸው ዋጋ የለውም ተባለ። የዶክተር ጋሬት አንደርሰንን ግን መሰረዝ አልተቻለም፤ በተመረጡበት ጊዜ የነበረው ደንብ አይከለክልምና።

ከዚያ በኋላ በብዙ ሺህ ወንዶች መካከል ብቸኛዋ ሴት አባል ሆነው ቀሩ። ቢወጡ ማኅበሩ በደስታ ይሸኛቸው ነበር። እርሳቸው ግን መዋጮአቸውን እየከፈሉ፣ በስብሰባ እየተገኙ ተቀመጡ። ደንቡ በ1892 እስኪሻር ድረስ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመታት ብቸኛዋ ሴት አባል እርሳቸው ነበሩ። በ1897 ደግሞ የማኅበሩ የምሥራቅ አንግሊያ ቅርንጫፍ ፕሬዚዳንት አድርጎ መረጣቸው።

ሌሎቹ በሮች የተከፈቱት በአንድ ሰው ግፊት አልነበረም። የኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ ያሰናበታቸው ሶፊያ ጄክስ ብሌክ በ1874 የለንደንን የሴቶች ሕክምና ትምህርት ቤት መሠረቱ። ዶክተር ጋሬት አንደርሰን በመጀመሪያ ሐሳቡን በጥርጣሬ ነበር ያዩት፤ ሴቶች እንደ እርሳቸው ወደ ፓሪስ ሄደው ቢማሩ ይሻላል ባይ ነበሩ። የሁለቱ ሴቶች ጠባይም አይገጥምም፤ አንዷ ፊት ለፊት የሚታገሉ፣ ሌላዋ ዝግ ብለው የሚያልፉ። ሆኖም ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ዶክተሯ በዚያ አስተማሩ። በ1876 ፓርላማው ፈቃድ ሰጪ አካላት ሁሉ ሴቶችን እንዲፈትኑ የሚያስችል ሕግ አወጣ፤ የሚያስችል እንጂ የሚያስገድድ አልነበረም። ፈቃዱን በመጀመሪያ የተጠቀመበት የአየርላንድ የሐኪሞች ኮሌጅ ሲሆን፣ በ1877 አዳዲስ ሴቶች በመዝገቡ መስፈር ጀመሩ። በዚያው ዓመት የለንደኑ ሮያል ፍሪ ሆስፒታል ለትምህርት ቤቱ ሴቶች የተግባር ልምምድ በሩን ከፈተ፤ ያለዚህ ልምምድ ፈተናው ቢፈቀድም የሚያልፍ አይኖርም ነበር። የለንደን ዩኒቨርሲቲም በ1878 ዲግሪውን ለሴቶች ከፈተ።

ዶክተር ጋሬት አንደርሰን በ1883 የትምህርት ቤቱ ዲን ሆነው ተመረጡ፤ በዚህ ኃላፊነት ለሃያ ዓመታት ያህል ቈዩ። ተማሪዎቻቸው የሚፈሯቸው ዲን ነበሩ። በ1881 በእንግሊዝና በዌልስ የተመዘገቡት ሴቶች ሐኪሞች 25 ብቻ ሲሆኑ፣ በ1911 ቁጥራቸው 495 ደርሷል።

ሥራቸውን ከለቀቁ በኋላ ወደ ልጅነታቸው ከተማ ኦልድብራ ተመለሱ። የከተማዋ ከንቲባ የነበሩት ባለቤታቸው በ1907 ሲያርፉ፣ በኖቬምበር 1908 እርሳቸው በዚያው ሥልጣን ተመረጡ፤ በእንግሊዝ አገር ከንቲባ የሆነች የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። በሰባ አራት ዓመታቸው በኖቬምበር 1910 የመምረጥ መብት ጥያቄ ይዞ ወደ ፓርላማ ካመራው የሴቶች ልዑክ ጋር ነበሩ። ልጃቸው ሉዊዛ ቀዶ ሐኪም ሆና በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በለንደን ኤንደል ጎዳና ላይ የተቋቋመውንና በሴቶች የሚመራውን ወታደራዊ ሆስፒታል ከመሩት አንዷ ሆነች።

ዶክተር ኤልሳቤጥ ጋሬት አንደርሰን ዲሴምበር 17 ቀን 1917 በኦልድብራ አረፉ። በዓመቱ፣ በአሥር አልጋዎች የጀመሩት ሆስፒታል በስማቸው ተሰየመ።